ፊትን የሚሞላው ጄል፡ የፊለር ኬሚስትሪ፣ ጥቅምና አደጋ

የሰው ልጅ ዕድሜው ሲገፋ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ ለመግታት ያልሞከረው ዘዴ የለም ማለት ይቻላል። ቅቤና ቅባት ቀብቷል፣ የዕፅዋት ጭማቂ ተለቅልቋል፣ የማዕድን ዱቄት ነስንሷል። ከአንድ መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ መርፌ ጨምሯል። በአሁኑ ዘመን ያለ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡ የማስዋቢያ ሕክምናዎች መካከል በስፋት ከሚታወቁት አንዱ፣ ጄል መሰል ንጥረ ነገርን በመርፌ ከቆዳ ሥር በማስገባት የጎደጎደውን መሙላት ነው። ይህ ንጥረ ነገር በተለምዶ «ፊለር» ይባላል፤ ትርጉሙም መሙያ ማለት ነው።

ስለ ፊለር የሚሰራጩ ምስሎችን ብዙ ወጣቶች በየዕለቱ በስልካቸው ይመለከታሉ። ምስሎቹ አብዛኛውን ጊዜ «በፊት» እና «በኋላ» የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎችን ያሳያሉ እንጂ፣ በሁለቱ መካከል በቆዳው ሥር ምን እንደተከናወነ አይናገሩም። በዚህ ጽሑፍ ያንን የተሸፈነ ክፍል ለመመልከት እንሞክራለን። ጄሉ ከምን ይሠራል? እንዴት ሳይሟሟ ለወራት ይቆያል? ለማን ይጠቅማል? ጥቂት ጠብታ ጄልስ እንዴት የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል? ዓላማችን ማንንም ለመገፋፋት ወይም ለመኮነን ሳይሆን፣ አንባቢ ነገሩን በዕውቀት እንዲመዝነው ለማገዝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ልማዳዊ መደናገርን ማጥራት ይገባል። ፊለርና ቦቶክስ አንድ አይደሉም። ቦቶክስ ቦቱሊነም ከተባለ የባክቴሪያ መርዝ የሚዘጋጅ መድኃኒት ሲሆን፣ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚተላለፈውን መልእክት ለጊዜው በማቋረጥ ጡንቻው እንዲላላ ያደርጋል። ፊለር ግን ጡንቻን አይነካም፤ በጎደለው ቦታ ላይ ይዘትን ይጨምራል። የመጀመሪያው ፊት ሲንቀሳቀስ የሚፈጠረውን መጨማደድ ሲቀንስ፣ ሁለተኛው ፊት ዝም ባለበትም ጊዜ የሚታየውን ጉድጓድ ይሞላል።

ፊታችን ለምን ይለወጣል?

ቆዳችን በሁለት ዋና ዋና ንብርብሮች የተሠራ ነው። ላይኛው ኤፒደርሚስ ሲባል፣ ከሥሩ ያለው ወፍራም ንብርብር ደርሚስ ይባላል። ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን፣ ተለጥጦ የመመለስ ባሕርይ የሚሰጠው ኢላስቲን፣ ውኃ ይዞ የሚያቆየው ሃያሉሮኒክ አሲድ ሁሉም የሚገኙት በብዛት በደርሚስ ውስጥ ነው። እነዚህን የሚያመርቱት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ከጉልምስና ጀምሮ የኮላጅን መጠን በየዓመቱ በ1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይገመታል።

ይሁን እንጂ የፊት እርጅና የቆዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከቆዳው ሥር በየቦታው ተከፋፍለው የተቀመጡ የስብ ከረጢቶች አሉ። ዕድሜ ሲጨምር አንዳንዶቹ ይሟሽሻሉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ከስቡ ሥር ያለው አጥንትም ሳይቀር ቅርጹ ይለወጣል፤ የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል፣ የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህን ሁኔታ ምሰሶው ካጠረበት ድንኳን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሸራው ምንም ሳይሆን የተሸከመው ምሰሶ ቢያጥር ሸራው መርገቡና መታጠፉ አይቀርም። ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ተነሥቶ ወደ ከንፈር ጠርዝ የሚወርደው መስመር በዕድሜ እየጠለቀ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂደቱን ከሚያፋጥኑት ነገሮች መካከል ቀዳሚው ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በደርሚስ ውስጥ ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኤንዛይሞች እንዲመነጩ ያደርጋል። የጨረሩ ኃይል በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ በመሆኗ ነዋሪዎቿ የሚያርፍባቸው ጨረር ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል በጠይምና በጥቁር ቆዳ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሜላኒን ጨረሩን በከፊል ስለሚያግድ፣ በእነዚህ ቆዳዎች ላይ ሽብሽባት ዘግይቶ ይታያል። ሲጋራ ማጨስም እንዲሁ የቆዳን እርጅና ያፋጥናል።

ከፓራፊን እስከ ኮላጅን

የመሙያ ታሪክ የሚጀምረው በመልካም ውጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ሐኪም ኖይበር ከሕመምተኛ ክንድ ስብ ወስዶ በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ምክንያት በፊት ላይ የተፈጠረን ጉድጓድ ለመሙላት ተጠቀመበት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1899 በቪየና ሮበርት ጌርሱኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም ፓራፊን በመርፌ ወጋ። ፓራፊን ሲሞቅ ፈሳሽ፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣር የሚሆን፣ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ብዙም ሳይቆይ ለአፍንጫ፣ ለጉንጭና ለጡት ማሳመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ ተዛመተ።

ውጤቱ ግን አሳዛኝ ሆነ። ፓራፊን ከገባበት ቦታ ይንሸራተታል። ሰውነትም እንደ ባዕድ አካል ስለሚቆጥረው ዙሪያውን በጠጣር እብጠት ይከበዋል። በወቅቱ በውበቷ ዝነኛ የነበረችውና በኋላ የማርልቦሮ መስፍን ሚስት የሆነችው ግላዲስ ዲከን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የአፍንጫዋን መስመር ቀጥ ለማድረግ ፓራፊን አስወግታ ነበር። ፓራፊኑ ውሎ አድሮ ወደ አገጯ በመውረዱ የፊቷን መልክ እንዳበላሸው የሕይወት ታሪኳ ይናገራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የፈሳሽ ሲሊኮን ተራ መጣ። እርሱም ከዓመታት በኋላ እብጠትና ቁስል ማስከተሉ ስለታወቀ፣ የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት በ1975 መወጋቱን በሕግ ከለከለች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍ.ዲ.ኤ.፣ ፈሳሽ ሲሊኮን ፊትን ወይም ሌላ የሰውነት ክፍልን ለማስዋብ በመርፌ እንዲወጋ ፈቅዶ አያውቅም። ቢሆንም በሕገ ወጥ መንገድ የሚወጉ ሰዎች እስከ ዛሬ ለሕልፈትና ለአካል ጉዳት ይዳረጋሉ።

ኤፍ.ዲ.ኤ. ለዚህ አገልግሎት መጀመሪያ የፈቀደው መሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከበሬ ቆዳ የተጣራው ኮላጅን ነበር። ኮላጅን ፕሮቲን በመሆኑ የበሬው ከሰው በጥቂቱ ይለያል። በዚህ ምክንያት ከ100 ሰዎች በ3ቱ ገደማ ላይ አለርጂ ስለሚያስነሣ፣ ከሕክምናው በፊት በክንድ ላይ ተወግቶ ለሳምንታት መጠበቅ ግዴታ ነበር። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም ውጤቱ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ሳይንቲስቶች ሌላ ንጥረ ነገር ለመፈለግ የተገደዱትም ለዚህ ነው።

ሃያሉሮኒክ አሲድ፡ በሁሉም ፍጡር አንድ የሆነ ሞለኪውል

እ.ኤ.አ. በ1934 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ከላም ዓይን ውስጥ ካለው መስታወት መሰል ፈሳሽ አንድ አዲስ ንጥረ ነገር ለዩ። መስታወት የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃልና ዩሮኒክ አሲድ ከተባለው ክፍሉ አጣምረው ሃያሉሮኒክ አሲድ ብለው ሰየሙት። ሞለኪውሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች፣ ማለትም ግሉኩሮኒክ አሲድና ኤን-አሴቲል ግሉኮዛሚን፣ እየተፈራረቁ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ላይ የተደረደሩት አሉታዊ ሙላቶች ሶዲየም አዮኖችን ይስባሉ፤ አዮኖቹም ውኃ ያስከትላሉ። በመሆኑም ጥቂት ሃያሉሮኒክ አሲድ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውኃ ይዞ ዝልግልግ ጄል ይሆናል።

እዚህ ላይ ከኮላጅን ጋር ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ፕሮቲን አይደለም። የሰንሰለቱ አወቃቀር በሰውም፣ በላምም፣ በዶሮም፣ በባክቴሪያም ዘንድ አንድ ነው። ስለዚህ የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን በቀላሉ እንደ ባዕድ አይለየውም፤ የቅድሚያ የአለርጂ ምርመራም አስፈላጊ አልሆነም። ቀደም ሲል በአውራ ዶሮ አናት ላይ ከሚታየው ቀይ ሥጋ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን በአብዛኛው የሚመረተው ፈረሶችን ከሚያጠቃ ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ ከተባለ ባክቴሪያ በፋብሪካ በማብላላት ነው። ባክቴሪያው ራሱን ከእንስሳው የመከላከያ ሥርዓት ለመሰወር በዚሁ ሞለኪውል ይሸፈናል። ሰውም ያንኑ መሸፈኛ አጥርቶ ለሌላ ዓላማ አዋለው ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የቆይታ ጉዳይ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ 15 ግራም ያህል ሃያሉሮኒክ አሲድ አለው። ከዚህ ውስጥ 5 ግራም ያህሉ በየቀኑ እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። አንድ ሚሊ ሊትር ፊለር የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። በቀን 5,000 ሚሊ ግራም ለሚያፈርስ ሰውነት 20 ሚሊ ግራም ምኑም አይደለም። ተፈጥሯዊው ሃያሉሮኒክ አሲድ እንዳለ ቢወጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደብዛው በጠፋ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከኬሚስትሪ ነው። ቢ.ዲ.ዲ.ኢ. የተባለ ሁለት ጫፍ ያለው ሞለኪውል አንዱን ጫፉን በአንድ ሰንሰለት፣ ሌላውን በጎረቤቱ ሰንሰለት ላይ በማሰር ድልድይ ይሠራል። በዚህ ዓይነት የተለያዩት ክሮች መረብ ይሆናሉ። ፈሳሽ የነበረው ነገር ቅርጹን ወደሚጠብቅ ጄል ይለወጣል፤ ኤንዛይሞችም ወደ ሰንሰለቶቹ እንደ ልብ መድረስ ስለማይችሉ የማፍረሱ ሥራ ይዘገያል። ድልድዩ የበዛበት ጄል ጠንከር ያለ በመሆኑ ለጉንጭና ለአገጭ ሲመረጥ፣ ድልድዩ ያነሰበት ለስላሳው ለከንፈር ይመረጣል። ሳይጣመር የቀረ ቢ.ዲ.ዲ.ኢ. ለሕዋሳት ጎጂ በመሆኑ፣ በጄሉ ውስጥ የሚቀረው መጠን ከሚሊዮን 2 ክፍል በታች እስኪሆን ድረስ ይታጠባል። በድብቅ የሚሸጡ፣ ምንጫቸው ያልታወቀ ፊለሮች የሚያስፈሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ እጥበት በትክክል ስለመፈጸሙ ማረጋገጫ አለመኖሩ ነው።

የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር በአውሮፓ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2003 መጨረሻ ላይ ተፈቀደ። ቆይታው እንደ ዓይነቱና እንደሚወጋበት ቦታ ከ6 እስከ 18 ወራት ነው ይባላል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት በኤም.አር.አይ. የተነሡ ምስሎች በአንዳንድ ሰዎች ፊት ላይ ጄሉ ከዚያ ለበለጠ፣ እንዲያውም ለዓመታት እንደሚቆይ አሳይተዋል። ጄሉ ከመሙላትም ያለፈ ሥራ አለው። በ2007 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ11 በጎ ፈቃደኞችን በፀሐይ የተጎዳ የክንድ ቆዳ በዚህ ጄል ሞልተው ሲመረምሩ፣ በጄሉ ዙሪያ የነበሩ ፋይብሮብላስቶች ተለጥጠው አዲስ ኮላጅን ማምረት መጀመራቸውን አገኙ። አንድ ሕዋስ የሚደርስበትን ሜካኒካዊ ግፊት ተረድቶ ሥራውን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ግሩም ምሳሌ ነው።

ሌሎቹ የፊለር ዓይነቶች

ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይት የአጥንትና የጥርስ ማዕድን ነው። ከ25 እስከ 45 ማይክሮ ሜትር ስፋት ባላቸው ጥቃቅን ሉሎች መልክ ተዘጋጅቶ በጄል ውስጥ ይወጋል፤ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። ፖሊ-ኤል-ላክቲክ አሲድ ደግሞ ሟሚ የቀዶ ሕክምና ክሮች የሚሠሩበት ፖሊመር ቤተሰብ አባል ነው። ራሱ ቦታውን ከመሙላት ይልቅ ሰውነት ኮላጅን እንዲያመርት ይቆሰቁሳል፤ በስተመጨረሻም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለወጣል። ውጤቱ ቀስ ብሎ የሚታይ ሲሆን እስከ 2 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

አራተኛው ፒ.ኤም.ኤም.ኤ. ይባላል። መስታወት ተክቶ ከሚያገለግለው ፕላስቲክ ጋር አንድ ነው። ሉሎቹ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ይሰፋሉ። ባዕድ አካል ውጠው የሚያስወግዱት ማክሮፋጅ የተባሉ ሕዋሳት ይህን የሚያህል ነገር መዋጥ ስለማይችሉ፣ ፕላስቲኩ በቆዳው ሥር ዕድሜ ልክ ይኖራል። ዘላቂ መሆኑ ለአንዳንዶች እንደ በጎ ጎን ይታያል። ነገር ግን ፊታችን በየዓመቱ እየተለወጠ የሚሄድ ሲሆን ፕላስቲኩ አይለወጥም። ችግር ቢፈጠርም ማውጫው መንገድ ቀዶ ሕክምና ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከውበት ያለፈ አገልግሎት

ፊለር የቅንጦት ዕቃ ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። በብጉርና በአደጋ ምክንያት የጎደጎዱ ጠባሳዎችን ለማስተካከል ያገለግላል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ግን ከኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ስታቩዲን የተባለው የመጀመሪያው ትውልድ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል። ነገር ግን የማይቶኮንድሪያን ዲ.ኤን.ኤ. የሚያባዛውን ኤንዛይም ያውክ ስለነበር የጉንጭ ስብ ሕዋሳት እንዲሞቱ ያደርጋል። በዚህ የተነሣ ታካሚዎች በጤና እያገገሙ ሳለ ጉንጫቸው ይሰረጉድ ነበር።

ይህ ጉዳይ የአገራችንም ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ስታቩዲን በሥራ ላይ ከዋሉት መድኃኒቶች አንዱ ነበር። መገለል በበረታበት በዚያ ወቅት የተሰረጎደ ጉንጭ አንድ ሰው ለማንም ያልነገረውን ምሥጢር በአደባባይ ሊያወጣበት ይችል ነበር። አንዳንዶችም ይህን ፈርተው መድኃኒቱን እስከ ማቋረጥ ይደርሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲያስወጡ መከረ። ኤፍ.ዲ.ኤ. ቀደም ብሎ በ2004 ፖሊ-ኤል-ላክቲክ አሲድን በመጀመሪያ የፈቀደው ለውበት ሳይሆን ለእነዚሁ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች ጉንጭ ነበር። ፊትን መሙላት ለእነርሱ ወደ ኅብረተሰቡ ያለ ፍርሃት የመመለስ ጉዳይ ነበር።

ቀላልና መካከለኛ የጎንዮሽ ጉዳቶች

በአብዛኛው ተወጊ ላይ የሚታየው መቅላት፣ ማበጥ፣ መበለዝና ሕመም ሲሆን በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ጄሉ ከሚገባው በላይ ወደ ቆዳው ገጽ ከቀረበ ሰማያዊ መልክ ያሳያል። ጄሉ ራሱ ሰማያዊ ሆኖ አይደለም። በጄሉ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ሲበተን፣ አጭር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊው ከቀዩ ይበልጥ ስለሚበተን ነው። ይህ በፊዚክስ ትምህርታችን የቲንዳል ውጤት ብለን የምናውቀው ክስተት ነው።

ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚመጡ ችግሮችም አሉ። ጄሉ በተወጋበት ቦታ ጠጣር እብጠት ሊፈጠር ይችላል። መንሥኤው አንዳንድ ጊዜ የመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በመርፌው ተከትለው የገቡ ባክቴሪያዎች በጄሉ ላይ ተደራጅተው መኖራቸው ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መርፌው የወጋበት ቦታ ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል፤ ጠባሳው እያደገ ኬሎይድ የሚሆንበት ሰውም አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

ጥቂት ጠብታ ጄል ዓይንን እንዴት ያጠፋል?

እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርሰው፣ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው አደጋ ጄሉ በስሕተት ወደ ደም ሥር መግባቱ ነው። ሁኔታውን ለመረዳት ጥቂት የአናቶሚና ጥቂት የፊዚክስ ዕውቀት ያስፈልጋል።

የፊታችን ቆዳ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው ከውጫዊው የካሮቲድ ደም ቅዳ ሥር ነው። ዓይናችንና አንጎላችን ደግሞ ከውስጣዊው ካሮቲድ ይመገባሉ። ሁለቱ ግን በአፍንጫ፣ በግንባርና በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ባለው ቦታ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ይገናኛሉ። በግንባር ላይ የሚገኙ አንዳንድ ሥሮች በቀጥታ የሚነሡት ለዓይን ደም ከሚያደርሰው ሥር ነው። መርፌው ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ቢገባና ጄሉ በግፊት ቢለቀቅ፣ ደሙን ወደ ኋላ እየገፋ ወደ ዓይን ምንጭ ይጓዛል። ግፊቱ ሲቆም የልብ ምት ጄሉን ዳግም ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሬቲናን ወደሚመግበው ሥር ሊገባ ይችላል።

አንድ እጅ የደምን ግፊት ሊያሸንፍ ይችላል? እናስላ። የአንድ ትንሽ ስሪንጅ ፒስተን ስፋት 0.2 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው ብንልና አውራ ጣት 10 ኒውተን ኃይል ቢያሳርፍበት፣ የሚፈጠረው ግፊት 500 ኪሎ ፓስካል ነው። ከፍተኛው የደም ግፊት 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ወደ ኪሎ ፓስካል ሲለወጥ 16 ገደማ ነው። በስሪንጁ ውስጥ ያለው ግፊት ከ30 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ዝልግልጉ ጄል በቀጭኑ መርፌ ሲያልፍ አብዛኛው ግፊት ቢባክንም፣ የሚተርፈው የደሙን ግፊት ሊበልጥ ይችላል።

መጠኑስ? በ2017 የታተመ፣ በአስከሬን ላይ የተደረገ ጥናት ከቅንድቦች መካከል እስከ ዓይን ጉድጓድ መጨረሻ ድረስ ያለውን ሥር የሚሞላው ፈሳሽ በአማካይ 0.085 ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ከአንድ ስሪንጅ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይወጋ ባለሙያዎች የሚመክሩት ለዚህ ነው።

በ2015 የታተመ አንድ ዳሰሳ እስከዚያ ጊዜ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ላይ የተዘገቡ 98 ሰዎችን አሰባስቧል፤ ሁሉም ከፊት መሙያ በኋላ በዓይናቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ናቸው። ግንባር ቀደም አደገኛ ቦታዎች ሆነው የተገኙት በቅንድቦች መካከል ያለው ቦታና አፍንጫ ነበሩ። የሚያስገርመው ግማሽ ለሚሆኑት መንሥኤው ፋብሪካ የሠራው ጄል ሳይሆን ከራሳቸው ሰውነት ተወስዶ የተወጋ ስብ መሆኑ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ምን ያህል መሠረት የሌለው እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሬቲና ያለ ደም ሳይጎዳ የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ አንዴ የጠፋ ብርሃን በአብዛኛው አይመለስም። በዚያው ዓመት ኤፍ.ዲ.ኤ. ፊለር በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ዕውርነትና ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል ለሕዝብና ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ማርከሻው

የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ከሌሎቹ የሚለይበት ትልቁ ነጥብ ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ኤንዛይም ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ኤንዛይሙን በ1920ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስኮ ዱራን-ሬይናልስ የተባለ ተመራማሪ «አሰራጭ ንጥረ ነገር» ብሎ ለይቶት ነበር። በንብና በእባብ መርዝ ውስጥም ይገኛል፤ መርዙ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ በፍጥነት እንዲሠራጭ መንገድ የሚጠርገው እርሱ ነው። ዛሬ ይኸው የመርዝ አጋዥ የሐኪም መሣሪያ ሆኗል። ይሁንና ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይትን፣ ፖሊ-ኤል-ላክቲክ አሲድን፣ ፒ.ኤም.ኤም.ኤ.ንም ሆነ ስብን አያሟሟም። ለንብ ንድፊያ ብርቱ አለርጂ ያለበት ሰውም ለኤንዛይሙ አለርጂ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መናገር አለበት።

ማርከሻው የሚሠራው በጊዜው ከተደረሰ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የአደጋውን ምልክት ማወቅ ግዴታ ነው። በሚወጋበት ጊዜ ከተለመደው የበለጠ ብርቱ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት፣ ከዚያም መረብ የመሰለ ወይን ጠጅ ዝንጉርጉር፣ የማየት ችሎታ በድንገት መቀነስ፣ የራስ ምታትና የአንድ ጎን መዛል ምልክቶች ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ መንጣቱ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል የከንፈርን ውስጠኛ ክፍል ማየት፣ ቆዳውን ተጭኖ ደሙ በስንት ሴኮንድ እንደሚመለስ መቁጠርም ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ መርፌው በቅጽበት ቆሞ ሕክምናው መጀመር አለበት እንጂ «እስከ ነገ እንጠብቅ» አይባልም።

ማን ይውጋ? ማንስ አይወጋ?

ከላይ ከተዘረዘረው መረዳት እንደሚቻለው ፊለር መውጋት የፊትን የደም ሥሮች አቀማመጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ማርከሻውን በአጠገቡ ያስቀመጠ፣ በድንገተኛ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የተማረ ሐኪም ሥራ ነው። በቤት ውስጥ፣ በውበት ሳሎን ወይም በሆቴል ክፍል የሚደረግ ነገር አይደለም። በ2013 በእንግሊዝ የቀረበ አንድ የመንግሥት ግምገማ፣ ፊለር የሚወጋ ሰው ያለው የሕግ ከለላ እስክርቢቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው እንደማይበልጥ ገልጾ ነበር። ከዚያ በኋላ በወጣ ሕግ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ለውበት ሲባል ፊለር መውጋት ወንጀል ሆኗል። ኤፍ.ዲ.ኤ. በበኩሉ አገልግሎቱን የፈቀደው ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። በ2021 ደግሞ ያለ መርፌ፣ በአየር ግፊት ብቻ ፊለር ያስገባሉ ተብለው በበይነ መረብ የሚሸጡ እስክርቢቶ መሰል መሣሪያዎችን ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። መሣሪያዎቹ ጄሉ የሚያርፍበትን ጥልቀት መቆጣጠር አይችሉም።

በፊቱ ላይ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው እስኪድን መጠበቅ አለበት። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ደኅንነቱ ስላልተረጋገጠ አይመከርም። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ መግለጽ ይገባዋል። ወደ ሕክምናው የሚሄድ ሰው ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ የሚወጋኝ ምንድን ነው? ከተዘጋ ማሸጊያ ውስጥ በፊቴ ይወጣልን? ማርከሻው እዚህ አለን? ችግር ቢፈጠር ማንን፣ በየትኛው ሰዓት አገኛለሁ? እነዚህን ሲሰማ የሚቆጣ ወይም የሚያድበሰብስ ወጊ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ለማጠቃለል

ፊለር በጥሩ ኬሚስትሪ የተሠራ፣ በተገቢው እጅ ለብዙዎች የጠቀመ የሕክምና መሣሪያ ነው። ከፓራፊን ዘመን እስከ ዛሬ ያለው ታሪኩ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተምራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ዝናው ከተዛመተ በኋላ ነው። ለወጣት አንባቢዎቻችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀደመና የረከሰ መከላከያ አለ። በቀትር ፀሐይ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ፣ ሲጋራን አለመጀመር፣ በልቶ በቂ እንቅልፍ መተኛት በደርሚስ ውስጥ ያለውን ኮላጅን ይጠብቃሉ። ለእነዚህ ማርከሻ አያስፈልግም።

ለመልመጃና ለውይይት

1. በአንድ ሚሊ ሊትር ፊለር ውስጥ ያለው 20 ሚሊ ግራም ሃያሉሮኒክ አሲድ በሰውነት ውስጥ ካለው 15 ግራም ስንት እጅ ነው?

2. የኮላጅን ፊለር የቅድሚያ የአለርጂ ምርመራ ሲያስፈልገው የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ያላስፈለገው ለምንድን ነው?

3. የስሪንጁ ፒስተን ስፋት በግማሽ ቢቀንስና የአውራ ጣት ኃይል ባይለወጥ ግፊቱ ምን ይሆናል? ይህ ለደኅንነት ምን ትርጉም አለው?

4. ሃያሉሮኒዴዝ ለአንዱ ፊለር ማርከሻ ሆኖ ለሌሎቹ ያልሆነበትን ምክንያት ከሞለኪውሎቹ አወቃቀር ተነሥተው ያስረዱ።